በጓስ በቀትር የት ነበረች?

ጎረቤታችን ጋሼ ጥቂት በጎች አሏቸው። ደሴ ትልቅ ከተማ ናት ቢባልም ጦሳ ተራራ ስር የምንኖር ሰዎች በጉንም፣ ዶሮውንም፣ የጓሮ ጎመኑንም አልተውንም። ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ ግቢውን ሞልቶት የውጭው በር እንኳ በማይታይበት አንድ ማለዳ፣ አንዷ በግ ወለደች። ጋሼ ግልገሉን ሊያደራርቁት ጆንያ ይዘው ጎንበስ አሉ። ወዲያው ጆንያውን ጥለው ቀና አሉ።

«በስመ አብ!» አሉ።

አክስቴ ከእኛ ቤት ደጃፍ ሆና «አዑዙቢላህ! ምን ሆኑ?» አለች። እሳቸው ግን አልመለሱም። እኔ ሮጥኩ።

ግልገሉ አፍንጫ የለውም። ግንባሩ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ዓይን አለ። ከዓይኑ በላይ የጣት ጫፍ የምታህል ሥጋ ተንጠልጥላለች፤ አፍንጫ ልትሆን የነበረችው እሷ መሆኗን በኋላ ነው የሰማሁት። የላይኛው መንጋጋ አጭር ነው፣ የታችኛው ወደ ላይ ተቆልምሟል። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ አንድ ዓይን ያልኩት ሁለት ብሌን ጎን ለጎን ተጣብቀው አንድ ጉድጓድ የተጋሩበት ነበር። በአፉ ነበር የሚተነፍሰው። ከአንገቱ በታች ግን ምንም አልጎደለውም። ጸጉሩ ሙሉ፣ ሰኮናው ሙሉ፣ ጅራቱ ሙሉ። እናቲቱ ሰው መሰብሰቡ አላስጨነቃትም፤ ትልሰዋለች። ፀሐይ ሳትወጣ ሞተ። እሷ ከሞተም በኋላ ትልሰው ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኛ ሰፈር የዓመቱን ድርሻ በአንድ ማለዳ ወሰደ። ቁርስ ሳይደርስ ግቢው በሰው ተሞላ። የጎረቤት ልጅ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶች ይደውሉልን ጀመር፤ «እናንተ ሰፈር ነው አሉ» እያሉ። ከቪዲዮው ስር ያለውን አስተያየት ሁሉ ማንበብ አልቻልኩም፤ ያነበብኩት ግን አንድ ዓይነት ነው። ስምንተኛው ሺህ ደረሰ። ጦርነት ሊመጣ ነው። 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ከመግባቱ በፊትም እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ነበር የሚል ሰው እንኳ አልጠፋም። የት እንደታየ፣ ማን እንዳየው ግን አይናገርም። ትንቢት እኛ ዘንድ ሁሌም የሚታወሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ግቢ ውስጥ ያለነው ደግሞ ሌላ ክርክር ይዘናል። አንዱ «ይቃጠል» ይላል። ሌላው «ለጅብ ይጣል፣ ጅብ ካልበላው ግን ነገር አለ» ይላል። ጋሼ ዝም ብለው ዱላቸውን መሬት ላይ ይጭራሉ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ፣ ክፉ ሰው አይደለችም፣ እንዲያውም ለቅሶ ላይ ቀድማ የምትደርስ ናት፣ እናቲቱን በግ በጣቷ እያሳየች «እሷንም አውጥተው ይሽጧት ጋሼ። ገፊ ናት» አለች።

አክስቴን ዞር ብዬ አየሁ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ወደ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

ማንም የማያወራው ታሪክ

የአክስቴን ነገር ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አያወራውም። እኔም ከእናቴ አፍ በቁርጥራጭ ነው የሰማሁት።

ገና ልጅ እግር ሆና ወረኢሉ አካባቢ ገጠር ተዳረች። የመጀመሪያ ልጇን እዚያው ቤት ውስጥ ወለደች። የልምድ አዋላጇ ሕፃኑን አየት አድርጋ በነጠላ ጠቀለለችውና ይዛው ወጣች። «ሞቶ ነው የተወለደው» አሏት። እሷ ግን የትንፋሽ ድምፅ ሰምታለች። ደጋግማ ጠየቀች፣ «አሳዩኝ» አለች። አላሳዩአትም። የት እንደተቀበረም አልነገሯትም። ከወራት በኋላ አንዲት ዘመድ ተጣልታት በንዴት «አንድ ዓይን የወለድሽ!» ስትላት ነው የልጇ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ያወቀችው።

ምክንያቱ ወዲያው ተገኘ። አማቷ «በቀትር ምንጭ ወርዳ ነው» አሉ። ቀትር ላይ ውሃ ዳር ጅን አለ፤ እርጉዝ ሴት አትሄድም። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ ፍርዱ አልዘገየም። ዓመት ሳይሞላ ባሏ ፈታት። ገፊ የሚለው ስም ግን ደሴ ድረስ ተከትሏት መጣ።

እዚህ ከመጣች በኋላ አንድ ሹፌር አገባች። ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ዓይኑን ጨፍኖ የሚወርድ ሰው ነበር ትላለች። ደህና ደህና ልጆች ወለደችለት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿም አድገዋል፣ እሷም ስልሳን አልፋለች። ግን አንድ ልማድ አላት። ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ከቤት አትወጣም። ገበያ ካለች በጠዋት ሄዳ ትመለሳለች፣ ካልሆነ ከሰዓት። ልጆች ሆነን «አክስቴ ፀሐይ አትወድም» እንል ነበር። ደሴ ላይ ፀሐይ አልወድም የሚል ሰው ማግኘት ራሱ ይከብዳል፤ ግን ሰው እንዲህ ነው ብለን አለፍነው።

ስድስት ሰዓት ላይ

የጋሼ የወንድም ልጅ ኮምቦልቻ የከብት ሐኪም ነው። ቪዲዮውን አይቶ ደወለና «እንዳትጥሉት፣ መጣሁ» አለ። ሲደርስ ስድስት ሰዓት ገደማ ሆኗል፤ ጉሙም ተገፎ ፀሐይ ወጥታለች። ጓንት አድርጎ ግልገሉን ጆንያ ላይ አገላበጠው። አፉን ከፈተ፣ የራስ ቅሉን በጣቱ ዳበሰ፣ ፎቶ አነሳ። ሰው ከበበው። «እንዲህ ያለው ነገር ስም አለው» አለ። «ሳይክሎፒያ ይባላል። በበግም፣ በአሳማም፣ በከብትም ይታያል። በሰውም።»

«በሰውም» ያላት ቃል ከአፉ ስትወጣ የቤታችን በር ተከፈተ። አክስቴ ከውስጥ ስትሰማ ነበር ማለት ነው። ወጣች። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ሌላ ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም።

ሰዉን ከፍላ ገብታ ጆንያው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሐኪሙ «እታለም፣ በባዶ እጅ አይንኩት» አላት። አልሰማችውም። የግልገሉን ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ዓይኑን አየች። ከላይ ያለችውን ሥጋ በአውራ ጣቷ ነካች። ከዚያ ጆሮውን፣ ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ። የምትፈልገው ነገር ያለ ይመስል ነበር።

«ልጄ» አለች ቀና ብላ፣ «ይሄ ከምን ይመጣል?»

«ብዙ ነገር አለው እታለም። በዘር የሚመጣ አለ። እናቲቱ ከበላችው ነገር የሚመጣ አለ። እንዲህ ለአንድ ግልገል ግን ይሄ ነው ብሎ መናገር አይቻልም።»

«በቀትር ወጥታ ይሆን?»

ሐኪሙ ግራ ገባው። «ማን?»

«በጓ ናታ!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልሳቀም። «በቀትር ምን አለ እታለም?» አላት።

አክስቴ አልመለሰችለትም። የጋሼን በጎች አየት አደረገች፤ አጥሩ ስር ፀሐዩ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። ትንሽ ዝም አለችና ለማንም ሳይሆን ለራሷ በሚመስል ድምፅ «የአገሩ በግ ሁሉ በቀትር ሜዳ ላይ ነው» አለች። «ውሃም የሚወርዱት በቀትር ነው። እንግዲያ የአገሩ በግ ሁሉ እንዲህ ይወልድ ነበራ!»

ማንም መልስ አልሰጠም። እሷ ግን አልጨረሰችም። ጠዋት «ገፊ ናት» ያለችውን ሴትዮ ፊት ለፊት እያየች «እኔን ምንጭ የላከችኝ አማቴ ነበረች» አለች። «ቡና ልታፈላ ፈልጋ። እንስራውን ራሷ ናት ያሸከመችኝ።»

ይህን እናቴም ሰምታው አታውቅም። አርባ ዓመት አልፎታል።

ከመሃል የሚከፈል ነገር

ከዚያን ቀን በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። ሐኪሙ የነገረንን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን ማታ ማታ ለአክስቴ እነግራታለሁ፤ በረካው ተጠጥቶ ጀበናው እስኪቀዘቅዝ እንቀመጣለን። እሷም ጥያቄዋ አያልቅም።

መጀመሪያ የገረማት ይህ ነው። ጽንስ ሲጀምር ሁላችንም ዓይናችን የሚሠራበት ቦታ አንድ ነው። በአንጎሉ የፊት ጫፍ ላይ፣ መሃል ላይ ያለ አንድ መስክ። ከዚያ ከሥሩ ካለው ሕብረ ሕዋስ መልእክት ይላካል። መልእክቱ መስኩን፣ ሴት ልጅ ፀጉሯን በሚዶ ከመሃል እንደምትከፍለው፣ ግራና ቀኝ ያደርገዋል። ዓይን ሁለት ይሆናል፣ የፊት አንጎልም ሁለት ክንፍ ያወጣል። መልእክቱ ካልደረሰ ወይም ከደከመ አይከፈልም። ያኔ አንጎሉም አንድ ሆኖ ይቀራል፣ ዓይኑም መሃል ላይ ይቀራል፤ አፍንጫ መውረጃ ስለሌለው ከዓይን በላይ ይንጠለጠላል። ፊት ብቻ ተበላሸ ብለን የምናየው ነገር ሥሩ አንጎል ነው። ሕፃኑ የማይቆየውም ለዚህ ነው። ሐኪሞች ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ሆሎፕሮዘንሰፋሊ ይሉታል። ሳይክሎፒያ የዚያ የመጨረሻው፣ ከባዱ ጫፍ ነው። በቀላሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ከላይኛው የፊት ጥርሱ መሃል ላይ አንድ ብቻ የበቀለለት፣ ሌላ ምንም የሌለበት ጤነኛ ሰው አለ።

መልእክቱን የሚልከው ጂን (በዘር የሚወረሰው የሰውነት ትእዛዝ እንጂ ያ ጅን አይደለም) ስሙ ያስቃል። ሶኒክ ሄጅሆግ ይባላል፤ አዎ፣ ልጆቹ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚጫወቱበት ሰማያዊው ሶኒክ። ያገኙት ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለጨዋታ ብለው ያወጡለት ስም ነው። በ1996 ይህ ጂን የሌላቸው አይጦች አንድ ዓይን ሆነው ሲወለዱ ታየ፤ በዚያው ዓመት በሰው ቤተሰቦች ላይም የዚሁ ጂን ጉድለት ተገኘ። ሐኪም ልጅ ለሞተባት እናት ይህን ስም እየጠራ ሲያስረዳ አስቡት። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ የሚል አገር ሰው ሆኜ ሳስበው፣ ስም አወጣጡ ላይ ፈረንጆቹ ትንሽ ቸኩለዋል።

የበግም፣ የአይጥም፣ የጫጩትም፣ የሰውም ፊት በዚሁ መልእክት ነው የሚሠራው። ተቃራኒውም አለ። መልእክቱ ሲበዛ ፊት ይሰፋል፤ በጫጩት ጽንስ ላይ ተሞክሮ ታይቷል። እንስሳት ሁለት ፊት ይዘው ሲወለዱም ይታያል። አብዛኞቹ ቀናት አይቆዩም። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ግን ሁለት ፊት ያላት አንዲት ድመት 15 ዓመት ኖራ በ2014 ነው የሞተችው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ፎቶዋን ለአክስቴ አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ፣ ቀረብ አድርጋ አየችና «ወፍራለች እኮ!» አለች። ሌላ አስተያየት አልነበራትም።

አክስቴን ዝም ያሰኛት ጊዜው ነው። በሰው ላይ ይህ መከፈል የሚወሰነው ከፀነሱ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ነው። ብዙ ሴት ያኔ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። አክስቴ ምንጭ የወረደችው ሆዷ ገፍቶ፣ እንስራው ከብዷት በየመንገዱ እየተቀመጠች ነው። በጣቶቿ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። «ስለዚህ ያኔ አልቆ ነበር» አለች። አዎ አልኳት። «አሥር ጊዜ ምንጭ ብወርድስ?» ምንም አልኳት።

የአይዳሆ በጎች

እዚህ ላይ ራሴን የሞገትኩበት ነገር አለ። እናት ምንም አላደረገችም ማለት ደስ ይላል። ግን ምክንያት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። ይህን ያስተማሩኝም በጎች ናቸው።

በ1950ዎቹ አይዳሆ በምትባል የአሜሪካ ግዛት በግ አርቢዎች ችግር ገጠማቸው። በየዓመቱ አንድ ዓይን ያላቸው ግልገሎች ይወለዳሉ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ዘር ነው። ደሙ ተበላሽቷል ከተባለ ደግሞ መንጋው ዋጋ የለውም። የመንግሥት ተመራማሪዎች ተጠርተው መጡ። ሊን ጄምስ የሚባለው ለሦስት በጋ ከበጎቹ ጋር ተራራ ላይ ከረመ፤ የሚበሉትን እያየ። በመጨረሻ ጥፋተኛው አንድ ተክል ሆኖ ተገኘ፤ እዚያው ምዕራብ አሜሪካ ተራራ ላይ የሚበቅል፣ ቬራትረም ካሊፎርኒከም የሚባል። ነገሩ የሚገርመው ቀኑ ነው። እርጉዟ በግ በ14ኛው ቀን አካባቢ ከበላችው ግልገሉ አንድ ዓይን ይሆናል። ሌላ ጊዜ ብትበላው ይህ አይመጣም። መድኃኒቱም ቀላል ሆነ፤ በጎቹን እነዚያ ቀናት እስኪያልፉ ከዚያ ሜዳ ማራቅ።

ከተክሉ የወጣውን ንጥረ ነገር ሳይክሎፓሚን አሉት። ሥራው ያንን መልእክት ማፈን እንደሆነ የታወቀው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ አንድ ሰው አሰበ፤ ጽንስ ላይ ፊትን የሚያበላሸው ይህ ነገር፣ ያው መልእክት ያለ ልክ ሲጮህ የሚያድገውን ካንሰርስ ዝም አያሰኝም? ቪስሞዴጊብ የሚባለው መድኃኒት እንዲህ መጣ። ለከባድ የቆዳ ካንሰር ዓይነት በ2012 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። እርጉዝ ሴት ግን በጭራሽ አትወስደውም፤ ለምን እንደሆነ እናንተም ገብቷችኋል።

ይህን ታሪክ ስነግራት አክስቴ ሳቀች። «እነሱ በጓ ምን በላች ብለው ተራራ ወጡ፤ እኛ በጓን እንሽጣት አልን» አለች።

እኔ ግን በዚያ ማታ ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። በሰው ላይ በደንብ ከሚታወቁት መንስኤዎች አንዱ የእናት የስኳር በሽታ ነው። ስኳር ያለባት ሴት እንዲህ ያለ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከሌላው ሰው ብዙ እጥፍ ከፍ ይላል፤ እንዲያም ሆኖ ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆን ነው። ከመፀነሷ በፊት ጀምራ ስኳሯን ከተቆጣጠረች ደግሞ አደጋው ይቀንሳል። ጠቃሚ እውቀት ነው። ግን የእኛን ሰፈር አውቀዋለሁ። ነገ አንዷ እንዲህ ያለ ልጅ ብትወልድ «ጅን ነው» የሚለው አፍ «ስኳር ነበረባት፣ ለስላሳ ትወድ ነበር» ለማለት ጊዜ አይወስድበትም። ዱላው ያው ነው፣ እጀታው ብቻ ይቀየራል። አይዳሆ ላይ ምክንያቱ የተፈለገው የሚቀጥለው ግልገል እንዲድን ነው። ወረኢሉ ላይ የተፈለገው ማን እንደሚባረር ለማወቅ ነበር። ጥያቄው ሲሰማ አንድ ይመስላል፤ «ምን አድርጋ ነው?»

ቁጥሩንም ነገርኳት። በጽንስ ደረጃ ከ250 ወደ አንዱ እንዲህ ያለ የአንጎል አለመከፈል እንደሚገጥመው ይገመታል። አብዛኛው ሳይታወቅ ይወርዳል፤ ከሚወለዱት ውስጥ ከ10,000 አንድ ገደማ ነው የሚታየው። ጉድ የምንለው ነገር የሚበዛው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ደሴን የሚያህል ከተማ ውስጥ ስንት ሴት «ወር አበባዬ ዘገየ» ብላ ያለፈችው ነገር ይህ ይሆን?

«ከበግ ጋር ታወዳድሪዋለሽ?»

ሁሉም ሰው ደስ አላለውም። የአክስቴ ትልቁ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥቶ ወሬውን ሲሰማ ተቆጣ። እናቱ በሰው ፊት ያንን ታሪክ ማውጣቷ አንሶ ወንድሙን ከግልገል ጋር አንድ ላይ መጥራቷ። «እማዬ፣ ሰው ነው እኮ! ከበግ ጋር ታወዳድሪዋለሽ?»

ንዴቱ ይገባኛል። ሙት ወንድሙን አላየውም፣ ስሙንም አያውቅም፤ ስም አልወጣለትማ። ግን «ወንድሜ» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። አክስቴም የሰማችው ያን ቀን ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አልተቆጣችም። እንጀራ እያቀረበችለት ነበር። «ሰው ያልኩትማ እኔ ነኝ» አለችው። «እነሱ አይደሉም። እነሱ ጅን ነው ያሉት። ጅን ከሚሉት በግ ቢሉት ይሻለኝ ነበር። በግ አላህ የፈጠረው ነው።»

እሱም በላ። ሲሄድ ግን ጋሼን ጠርቶ ግልገሉ የት እንደተቀበረ ጠየቃቸው። ለምን እንደጠየቀ አላውቅም። ጋሼም አልጠየቁትም፤ አጥሩ ጥግ ያለውን ቦታ በዱላቸው አሳዩት።

ማሳየት

የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ አዋላጅ ናት። ጤና ጣቢያዋን አልጠራም። ለአረፋ ስትመጣ እናቷ ጠብቃ ያዘቻት። እራት እንኳ ሳይነሳ «እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ለእናቱ ታሳያላችሁ?» አለቻት።

ልጅቷ እንደ ተረኛው ነው አለች። ቆየት ያሉት አዋላጆች «አታሳዩዋት፣ ትደነግጣለች፣ ደም ይፈስሳታል» ይላሉ። አሁን አሁን አልትራሳውንድ ስላለ ከባዱ ዓይነት በሦስተኛው ወር መጨረሻ አካባቢ ሊታይ ይችላል፤ እናትየዋ ቀድማ አውቃ የምትመጣበት ጊዜ አለ። ሳታውቅ ለመጣችው ግን እሷ በራሷ መንገድ ታደርጋለች። መጀመሪያ ትጠይቃለች። እናትየዋ እሺ ካለች ሕፃኑን አጥባ ትጠቀልለዋለች፣ ኮፍያውን ዝቅ ታደርግለታለች። መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ እግሩን ታሳያለች። ፊቱን የምትገልጠው እናትየዋ ራሷ ናት፣ ከፈለገች። የማትፈልግም አለች። የማትፈልገውን አትጫናትም።

አክስቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማች። ግልገሉን ስታገላብጥ እግሮቹን አንድ በአንድ የነካችው ትዝ አለኝ፤ ማንም ሳያስተምራት።

«አንቺ ብትሆኚ እሺ ትይ ነበር?» አለቻት ልጇ። «ያኔ ልጅ ነበርሽ። ደክሞሻል፣ ፈርተሻል። እርግጠኛ ነሽ?»

«እንጃ» አለች አክስቴ። «እሪ እል ይሆናል። ቢሆንም ይጠይቁኝ ነበር።»

«እኛንም የሚያስቸግረን እናትየዋ አይደለችም እኮ» አለች ልጅቷ ሳህኑን እያነሳች። «ቤተሰቡ ነው። አማትየዋ በር ላይ ትቆማለች፤ አታሳዩዋት፣ አትንገሯት፣ ቶሎ አውጡት እያለች። እሷን ማሳመን ከማዋለዱ ይከብዳል።»

«አማትየዋን» አለች አክስቴ፣ «ወደ እኔ ላኪያት።»